ፈርመህ የወሰድከው ፖስታ

ውድ አባዬ፣

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ፊት ነው። የእማዬን ሹራብ ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ ሳልፍ እንደ ልማዴ ቆም አልኩና “ደብዳቤ አልመጣልኝም?” ብዬ ጠየቅኩ። ዘወትር የሚመልስልኝ ጢማሙ ሰውዬ ዕረፍት ወጥቷል። በእሱ ቦታ የተቀመጠችው ልጅ ሥራ ከጀመረች ሁለተኛ ቀኗ ነበርና ለእኔ ምን ተብሎ እንደሚመለስ ማንም አልነገራትም። ስሜን ጠየቀችኝ። ትልቁን መዝገብ ገለጠች፣ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ቁልቁል ወረደች፣ ከዚያ የጠፋ ዕቃ እንዳገኘ ሰው ፈገግ ብላ “ደርሶዎታል እኮ፤ ከተወሰደ እንኳን አምስት ሳምንት አልፎታል” አለችኝ።

መዝገቡን ወደ እኔ አዞረችው። ከስሜ ትይዩ ያንተ ፊርማ ተቀምጧል። ጭራው እንደ ዓሣ መንጠቆ ወደ ላይ የሚታጠፈው ፊርማህ። በትምህርት ቤት የውጤት ካርዶቼ ሁሉ ላይ አይቼዋለሁ፤ አንድም ቀን አስፈርቶኝ አያውቅም።

ልጅቷ ፊቴ ሲለወጥ አይታ ደነገጠች። “የቤተሰብ አይደለም እንዴ?” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ነው፣ አባቴ ነው አልኳት። እፎይ አለች። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እማዬ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ሶፋ ላይ ሆና ሹራቧን እየጠበቀች ትጣራ ነበር፤ የምትጠራው ግን የእኔን ስም አልነበረም፤ የእህቷን ነበር።

ይህን ሁሉ ታውቀዋለህ። ቢሆንም ከመጀመሪያው ልጽፈው ፈልጌአለሁ፤ ምክንያቱም አንተ ስትነግረው “ትንሽ አለመግባባት” ይሆናል፣ እማዬ ስትነግረው ምንም አይሆንም። በትክክል የሚናገረው ሰው ከእኔ በቀር የለም።

ፖስታው ውስጥ ምን እንደነበረ ከእኔ በፊት አንብበሃል። የመድኃኒት ጥራት መመርመሪያው ቤተ ሙከራ ሁለት ጊዜ ፈትኖ፣ ከሁለት መቶ ምናምን ሰው መካከል ለሁለት ቦታ መርጦ፣ ከተመረጡት አንዷ እኔ መሆኔን የሚገልጽ ወረቀት ነው። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንድሰጥ ይላል። ለሁለተኛው ፈተና ያደረስከኝ አንተ ነህ። አራት ሰዓት ሙሉ መኪና ውስጥ ጠብቀኸኝ ስወጣ ፊቴን አይተህ “ጠበቃዬ፣ አልፈሻል” አልከኝ። ስለ ሁሉ ነገር ስለምከራከር ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ ጠበቃዬ ነበር የምትለኝ። ያን ቀን ደስታህ እውነት መሆኑን እምላለሁ። ይህንን ነው ልረዳው ያልቻልኩት። ውሸት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

አምስት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ጢማሙን ሰውዬ ጠየቅኩት። አምስት ሳምንት ሙሉ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ “ገና ነው፣ እህቴ” አለኝ። ሰኞ ከዕረፍቱ ሲመለስ ቀርቤ ለምን ብዬ ጠየቅኩት። ጢሙን እያሻሸ፣ የቤተሰቡ ደብዳቤ ሁሉ በእሳቸው በኩል እንዲሆን፣ አንቺ ከጠየቅሽ ደግሞ ገና ነው እንድንልሽ አባትሽ አዘውን ነበር አለኝ። አባት ናቸው፣ ለምን አንልም፣ አለ። ደግሞስ ደጋግሜ ስጠይቀው የወንድ ጓደኛ ደብዳቤ መስሎት ነበር፣ አባት የሚጠላው ዓይነት ጓደኛ። ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልፍ ይነሳልኛል፤ መነሳቱ ምን እንደሚያደርግልኝ ግን አላውቅም።

የገረመኝን ልንገርህ? ሁሉንም አፍ ዘግተህ መዝገቡን ረሳኸው። አልረሳኸውም፤ አላስቻለህም። አርባ ዓመት ድልድይ የሠራ ሰው፣ አንዲት ከረጢት ሲሚንቶ ሳይፈርም የማይረከብ ሰው፣ የልጁን ፖስታ ሲሰርቅ እንኳ በሕጉ መሠረት ፈርሞ ሰረቀ። “ሳታነቢ አትፈርሚ፣ ሳትፈርሚ አትውሰጂ” ብለህ ያሳደግከኝ አንተ ነህ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኙ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ወረቀቱ ግን ይዞልኛል።

ያን ቀን አመሻሹ ላይ ከሥራ ስትገባ ክፍል 412 ውስጥ ጠበቅኩህ። እማዬ በ414 ቴሌቪዥን እያየች ነበር፤ የሚያገናኘውን በር ገርበብ አደረግኩት። ጠየቅኩህ። እንዳልካድክ እመሰክርልሃለሁ። ኮትህን አወለቅክ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ካዝና ከፈትክ፣ ፖስታውን አውጥተህ አልጋው ላይ አስቀመጥክ። የካዝናው ቁጥር የልደቴ ቀን ነው። ፖስታው በቢላ ጫፍ በጥንቃቄ የተከፈተ፣ አንድ ጥጉ እንኳን ያልተቀደደ ነበር።

“ልነግርሽ ነበር” አልከኝ።

“መቼ?”

“ቤቱ ሲያልቅ። ቤታችን ስንገባ።”

“ቀኑ አልፏል እኮ፣ አባዬ።”

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥክና ጫማህን ማውለቅ ጀመርክ። አንተ ስትፈራ ጫማህን ታወልቃለህ። “እናትሽን ማን ይይዝልኛል? እንግዳ ሰው ልቅጠርባት? አንቺ ከሄድሽ በማን ዓይን ትታያለች?” አልከኝ። ከዚያ ያችን ቃልህን ደገምካት፤ “ደግሞስ እዚህ ምን ጎደለብሽ? ሁሉ ተሟልቶልሽ።”

አዎ፣ ተሟልቶልኝ ነበር። ይህንንም ሳልጽፈው ካለፍኩ ፍርዴ የአንድ ወገን ይሆናል። ከአሥራ አንድ ወር በፊት ሦስት ሻንጣ ይዘን ለሦስት ሳምንት ብለን ስንገባ ከሁላችሁም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነኝ። ድርጅትህ ለመሐንዲሶቹ የተከራያቸው ሁለት ሰፋፊ ክፍሎች፣ መሐል ላይ በር። ነጭ አንሶላ በየቀኑ። የሚያቃጥል ውሃ እንዳሻኝ። እንቁላሌ እንዴት እንዲጠበስ እንደምፈልግ የሚጠይቀኝ ሰው። ሳህን ማጠብ የለ፣ መጥረግ የለ፣ ምን እንብላ የለ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ፎጣዬን ራሴ አጣጥፌ ብሰቅል ክፍል አጽጂዋ ቅር ተሰኝታ “እህቴ፣ ሥራዬን አትቀሚኝ” አለችኝ። ከዚያ በኋላ ፎጣዬን መሬት ላይ መጣል ለመድኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እኔን ፎጣ በፎጣ ወሰደኝ።

እማዬም ትስቅ ነበር። ታስታውሳለህ? ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት የምግብ ዝርዝሩ ላይ ስህተት አይታ ታልፋለች? ቀይ እስክሪብቶ ተውሳ ከላይ እስከ ታች አረመችውና “ሰባት ከአሥር፤ ጥንቃቄ ይጎድላል” ብላ ለአስተናጋጁ መለሰችለት። ዋናው ወጥ ሠሪ ኩሽናው ግድግዳ ላይ ለጥፎት፣ በማግሥቱ ደግሞ ራሱ መጥቶ “የጎደሉኝን ሦስት ነጥቦች ልለምን” ብሎ ለመናት። አንድ ጨመረችለት። ሳቃችን እስከ አሳንሰሩ ድረስ ተሰማ።

ግን ለምን እንደገባን አንተም እኔም እናውቃለን። ለሰው ሁሉ ቧንቧ ፈነዳ ብለናል። ቧንቧው አልፈነዳም። እማዬ የገንዳውን ውሃ ከፍታ ገበያ ሄዳ ነው። ውሃው ከመታጠቢያ ቤት መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ደጅ ወጣ። የእንጨቱ ወለል እንደ ዳቦ አበጠ። ደርሰን ስናያት በሩ ላይ ዘምቢሏን ይዛ ቆማ “የማን ቤት ነው እንዲህ የፈሰሰው?” አለችን። አንተ ሳቅክ። እኔም አንተን አይቼ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። መልሱን እየጠበቀች ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ሐኪም ዘንድ እንውሰዳት ስልህ “ድካም ነው” አልከኝ። ያን ሁሉ ዓመት ኖራ አሁን የመጣባት ድካም። ሆቴል ስንገባ ደግሞ ድካሙ የዳነ መሰለ፤ እውነት ለመናገር እኔም አምኜህ ነበር። አሁን ሳስበው ሆቴል ማለት የሚረሳ ሰው የማይታወቅበት ቤት ነው። በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ማንም ይሳሳታል። ኮሪደሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ማንም ይጠፋል። በየጠዋቱ “እንኳን ደህና መጡ” የሚሏት ሰዎች አሉ፤ እሷም በየጠዋቱ እንደ አዲስ ትመጣለች። የተዘበራረቀው ሁሉ ከሰዓት በፊት ወደ ቦታው ይመለሳል። አንተ ደግሞ ሠራተኞቹን ሰብስበህ ሰማያዊው ኩባያ ሁልጊዜ ከመስኮቱ በስተግራ፣ መነጽሩ ከኩባያው አጠገብ፣ ነጠላ ጫማዋ ከአልጋው በስተቀኝ እንዲሆን አዘዝካቸው። “የምትረሳው ነገር ከሌለ አትረሳም” አልከኝ አንድ ቀን፣ እንደ ድልድይ ስሌት እርግጠኛ ሆነህ። ክፍል አጽጂዋ ስትቀልድ “እትዬ ዛሬም ስሜን ጠየቁኝ፤ ዛሬም ቆንጆ ስም ነው አሉኝ። እንዲህ በየቀኑ የሚያደንቀኝ ባል ባገኝ” ትለኝ ነበር። እስቅላት ነበር። እሷ የምታውቀውን እኔ እንደማላውቅ ሆኜ እስቅ ነበር። በዚያ ሳቅ ውስጥ የእኔም ፊርማ አለበት።

ረቡዕ ቤተ ሙከራው ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ትሑት ናት። ስሜን ፈልጋ አገኘችው። መልስ ስላልደረሳቸው ለተጠባባቂዋ እንደሰጡት ነገረችኝ። “ዝምታዎን እንደ መልስ ወሰድነው” አለችኝ። አመሰገንኳት። የሰው ዝምታ ተሰርቆ በስሙ እንደሚላክ ለማን ይነገራል? ደግሜ መወዳደር እችል እንደሆነ ስጠይቃት፣ እንዲህ ያለ ቦታ ከዚህ በፊት የወጣው ከስድስት ዓመት በፊት እንደነበረ ነገረችኝ።

ስልኩን ስዘጋ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነበር። “ቤቱ ሲያልቅ” ብለሃል። እንግዲያው ቤቱ ምን ያህል ቀረው? መጀመሪያ የወለሉ እንጨት ዘገየ ብለኸናል። ቀጥሎ ቀለም ቀቢው ታመመ። ቀጥሎ ግድግዳው እርጥበቱ አልለቀቀም። እማዬን ለአንድ ሰዓት ለክፍል አጽጂዋ አደራ ብዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

በራችን ተቆልፎ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለው አናጢ፣ የቤታችንን በሮች የሠራው ሽማግሌ፣ መጋዙን አስቀምጦ እጁን እያራገፈ መጣ። የት ጠፋችሁ፣ ከመንደሩ ጋር ተኮራረፋችሁ ወይ ብለን ነበር አለኝ። ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው። ሥራው ስንት ቀን ይፈጃል ብዬ ጠየቅኩት። የቱ ሥራ አለኝ። የቤቱ አልኩት።

“ልጄ፣ ካለቀ እኮ ስድስት ወሩ ነው” አለኝ። “አባትሽ በየወሩ መጥተው መስኮቱን ይከፍታሉ። ሳሎን ወንበር ላይ ትንሽ ይቀመጡና ዘግተው ይሄዳሉ።”

“ለልጄ አትንገር አላሉዎትም፣ ጋሼ?”

“ማን ጠይቆኝ?” አለኝ።

ገባሁ። ወለሉ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ዕቃው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ የሆቴሉ አንሶላ ይመስላል። ከአንድ ወንበር ላይ ብቻ ጨርቁ ተነስቷል፤ የአንተ ወንበር። በአጠገቡ ኩባያ ተቀምጦ ነበር፣ ሥሩ ላይ የደረቀ ሻይ። አባዬ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ያችን ኩባያ ሳይ ልቤ ከፖስታው ይልቅ ለአንተ ተሰበረ። ብቻህን እዚያ ተቀምጠህ ምን ታስብ እንደነበር አወቅኩ። ቤት ከገባን ይታወቃል። ምድጃው፣ ውሃው፣ ጎረቤቱ፣ ገበያው ሁሉ ይመሰክራል። ሆቴሉ ግን አይመሰክርም። ለዚህ ነው ስድስት ወር ያስቀመጥከን። እኔንም ለዚሁ ነው ያስቀመጥከኝ። እኔ ብሄድ ደግሞ በየቀኑ የማየውን ነገር የምታየው አንተ ትሆን ነበር።

ልቤ ተሰበረ ማለት ግን ይቅር አልኩህ ማለት አይደለም።

ሐሙስ ምንም አላልኩህም። አርብ ለስምንት ቀን ወደ ድልድይህ ሄድክ። ግንባሬን ሳምከኝ። ቅዳሜ ጠዋት እማዬን አልብሼ፣ የማትወደውን ኮፍያ ትቼ የምትወደውን ሻርፕ አድርጌላት፣ ታክሲ ጠርቼ ወደ ቤታችን ወሰድኳት። ተስፋ አድርጌ ነበር። ቤቷን ስታይ የሆነ ነገር እንደ መብራት ቦግ ይላል ብዬ ነበር። ተምሬአለሁ፣ ስለ አእምሮ አንብቤአለሁ፣ እንደዚያ እንደማይሆን አውቃለሁ። ቢሆንም ተስፋ አደረግኩ።

ደጁ ላይ ጫማዋን ጠረገች። ገብታ ዙሪያውን አየች። “ንጹሕ ነው” አለች። “ጥሩ ቦታ ነው የያዝሽው።” ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሰው እንዳይሰማት፣ “የእኛ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?” ብላ ጠየቀችኝ።

ኩሽና ወሰድኳት። ከበሩ ጀርባ ትንሿ ጥቁር ሰሌዳ አለች፤ ልጅ ሳለሁ በየማታው አንድ ሒሳብ እየጻፈች ካልሠራሽ እራት የለም የምትለኝባት። ሠራተኞቹ ሲቀቡ አልነኳትም። መሳቢያው ውስጥ የጠመኔ ቁራጭ አገኘሁ። አንድ ሒሳብ ጻፍኩ፣ ቀላል አይደለም፣ በስምንተኛ ክፍል ያስለቀሰኝ ዓይነት። ጠመኔውን ከእጄ ወሰደች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ አወጣች። መሥመር በመሥመር፣ በዚያ ተማሪ ሁሉ በሚኮርጀው ውብ ጽሕፈቷ ሠራችው። መልሱ አሥራ አራት ነው። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሠመረችበት። ዞራ አየችኝ፤ ያች የድሮዋ አስተማሪ ናት፣ ቅንድቧን አንስታ።

“ገባሽ?” አለችኝ።

“ገባኝ፣ እማዬ።”

“ጎበዝ። አሁን ቁልፉን ለማን ነው የምንመልሰው?”

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየን። ምሳ ሠራሁ፣ አልበላችም። አልጋዋን አነጠፍኩ፣ አልተኛችም። ከአንዱ ክፍል ወደ አንዱ እየዞረች ሠራተኞቹን ትፈልግ ጀመር። “እዚህ ሆቴል ሰው የለም እንዴ? ለምን ማንም ደህና ዋልሽ አይለኝም?” አለችኝ። ኋላ ደግሞ አለቀሰች። በቀላሉ የምታለቅስ ሰው አይደለችም፤ ታውቃታለህ። ኮሪደሩ መሐል ቆማ እንደጠፋች ሕፃን አለቀሰች። ወደ ቤቴ ውሰጂኝ አለችኝ። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ መጋረጃዋ ሥር፣ ወደ ቤቴ ውሰጂኝ።

መለስኳት። የሆቴሉ የመስታወት በር ሲከፈት ዘበኛው “እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ” አላት። ፊቷ በራ። ክንዴን ጨበጥ አድርጋ “ተመስገን፣ ቤታችን ገባን” አለችኝ።

አባዬ፣ እዚያ ነው የጨረስኩት። የእኔ ሥራ ሄደ፤ ይሁን፣ ከሄደ ሄደ። እሷን ግን ከስድስት ወር በፊት አምጥተናት ቢሆን ኖሮ የበሩን እጀታ ታውቀው ነበር ይሆናል። ይሆናል ነው፤ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም፣ አንተም ብትሆን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እያልክ ያሳደግከኝ ተረት የአንተው ሆነ። ሕመሟ እንዳይታይባት ብለህ ቤቷን አስረሳሃት።

ይህን የምጽፍልህ ከኩሽናችን ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። ሐሙስ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። አንተ ነገ ትመጣለህ። ሻንጣዬን ትናንት አውጥቻለሁ። የቁልፍ ካርዴን ለዚያች ለአዲሷ ልጅ መልሼ፣ መመለሴን መዝገብ ላይ አስፍሬ ፈርሜአለሁ፤ ያንተው ልጅ ነኝ። ሰሌዳው ላይ ያለውን አሥራ አራት አላጠፋሁትም።

እማዬን እንደተውኳት አታስብ። አንተ እስክትመጣ፣ እኔ በሌለሁበት ሰዓት ክፍል አጽጂዋ አብራት ናት፤ ማታም አብራት ታድራለች። የምሄድበት አገር የለኝም፤ ቢኖረኝም እሷን ጥዬ አልሄድም፣ ይህንን ስለምታውቅ ነው ያን ለማድረግ የደፈርከው። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ፤ እስከ ምሳ አብሬያት እሆናለሁ። የምመጣው ለእሷ ነው። ከምሳ በኋላ ያንተ ነው። ድልድዩ ይጠብቅ፤ ወይም ሰው ቅጠር፤ ወይም ራስህ ተቀምጠህ እሷ ስሟን ስትረሳ ተመልከት። ከሐኪም ቀጠሮ ወስጃለሁ፣ የፊታችን ማክሰኞ አራት ሰዓት። ሐኪሙ አዲስ ነገር እንደማይነግረን አውቃለሁ። የሚነግረንን ግን ከአፉ ትሰማዋለህ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብለህ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ልክ ነህ፣ ጅቡ ሄዷል። ይህ ደብዳቤ ምንም አይመልስም፤ ቦታዬን አይመልስም፣ የእማዬን ቤት አይመልስም፣ ፈተናው ደጃፍ አራት ሰዓት የጠበቀኝን አባቴንም አይመልስልኝም። ማምሻውን ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዬን እቀመጣለሁ፣ አንተ የተቀመጥክበት ወንበር ላይ። ለድል ብዬ አይደለም የምጽፈው።

ልጅ ሳለሁ እማዬ አባትሽን “እርስዎ” በዪ ስትለኝ አንተ ነህ “ተያት፣ እኔን አንተ ትበለኝ፣ ጓደኛዬ ናት” ያልካት። እስከ ዛሬ አንተ እልሃለሁ። ያን አልወስድብህም።

ሌላውን ግን አልቀበልም። ነጭ አንሶላ ለጥያቄዬ መልስ ሆኖ ሲሰጠኝ አልቀበልም። ምን ጎደለብሽ የሚለውን ቃል ዳግመኛ ከአንደበትህ አልቀበልም፤ የጎደለብኝን ታውቀዋለህ፣ በፊርማህ ወስደኸዋል። የእናቴን ሕመም ድካም ብሎ የሚጠራ ሰው፣ አንተም ብትሆን፣ ከፊቴ ሆኖ እንዲናገር አልፈቅድም። ስለምወድሽ ያደረግኩት ነው እንዳትለኝም። መውደድህን አልካድኩም፤ በመውደድህ ግን ከእንግዲህ አልታሰርም።

ይህን ፖስታ እንግዳ መቀበያው ዘንድ አስቀምጠዋለሁ። ነገ ስትገባ ጢማሙ ሰውዬ መዝገቡን ያዞርልሃል። ስምህን ታገኘዋለህ፣ ትይዩው ባዶ ነው። ማንም አልከፈተውም፣ ማንም ገና ነው አይልህም። ፈርመህ ውሰድ።

እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ቦታ የሚፈርም ሰው አልቀበልም።

ልጅህ፣
ጠበቃህ የነበረችው